አራት መቶው ሌንስና የጭልሞዋ ጉሬዛ

ባለፈው ሳምንት ሲስተር ኦብሴ ቤታችን መጥታ ነበር። ኦብሴ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የዓይኔን ጠብታ የምታመጣልኝ፣ ማድረግ ስረሳም የምትቆጣኝ እሷ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወፍ ፎቶ የማንሳት ፍቅር ይዟታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራዋን አንግታ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ትውላለች አሉ። ገና ቁጭ ከማለቷ፣ «ኦቦ ታዬ፣ ትልቅ ሌንስ ልገዛ ነው። አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በዚህ ከተማ ለስንቱ ፎቶ አንሺ በነፃ መልሻለሁ። ጥያቄው ሲነሳ አፌ ነበር የሚቀድመኝ። የዚያን ዕለት ግን እጄ ሳጥኑን ፍለጋ ሄደ። ባለቤቴ ጫልቱ ይህን አይታ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ ከፈተችው፤ ክረምቱ ገብቶ ነበርና የአሮጌው ሌንሴ ሻንጣ ሽታ ቤቱን ሞላው። የእርጥብ ቆዳ ሽታ፣ የሻጋታ ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ የጤፍ ሽታ። ዓይን ሲሄድ ድርሻውን አፍንጫ ይወርሳል መሰለኝ፣ ያ ሽታ አንስቶ ወዲያ ማዶ ጣለኝ።

አሁን የማወራውን የምትጽፈው ጫልቱ ናት። ሳጋንን «ይኼን አልጽፍም» ብላ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች፤ የተጋነነ ነገር ካገኛችሁ አምልጧት ነው።

ያኔ፣ የዛሬ አስር ምናምን ዓመት መሆኑ ነው፣ ከአውቶቡስ ተራው ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፤ ከፏፏቴው አጠገብ፣ ሰዓሊው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ አውሮፕላን ቆሟል። ከበሩ ጀርባ ለሁሉም ልክ የሚሆን አንድ ጥቁር ኮትና ከነቋጠሮው የተሰቀለ ቀይ ከረባት ነበር፤ የአምቦ ወንድ ግማሹ በዚያ ኮት ተነስቷል። አራት ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት ገንዘብ ዛሬ ሻይ ከዳቦ ጋር አያስጠጣም። ከፊት ለፊቴ ያለው ሙዚቃ ቤት ጠዋት የኦሮምኛ፣ ከሰዓት የአማርኛ ዘፈን ይለቃል፤ በጾም መዝሙር ሲያደርግ ደግሞ ጎረቤቱ ጴንጤው ልብስ ሰፊ በራሱ መዝሙር ይመልስለታል፤ እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ «ቀና በሉ፣ ዓይን እንዳይርገበገብ» እላለሁ። እንጀራዬ የሰው ፊት ነበር፤ ልቤ ግን ጫካ ውስጥ ነበር። ለጫካው ደግሞ አራት መቶው ነበረኝ። በእኛ ሙያ ሌንስ የሚጠራው በቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ሩቁ ይቀርባል። አራት መቶውን ያገኘሁት መርካቶ ውስጥ አሮጌ ሬዲዮ ከሚሸጥ ሰው ነው፤ ሰውየው ምንነቱን ስላላወቀው የመርከብ መነጽር ነው ብሎ ነበር የሸጠልኝ። ብረትና መስታወት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ርዝመቱ ክንዴን ያህላል። ቀለበቱን በእጅህ ስታዞር ጫካው ከጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣልሃል፤ ትንሽ ካሳለፍክ ተመልሶ ይሰምጣል። የሚረዳህ ሞተር የለም፣ ያለህ ዓይንህ ብቻ ነው። የአውሬ ፎቶ ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ዓይኑ መጥራት አለበት። ጆሮው ቢደበዝዝ፣ ጭራው ቢቆረጥ ይቅር ይባላል፤ ዓይኑ ካልጠራ ግን ፎቶው ሬሳ ነው።

ክረምት ክረምት መስታወቱ እንዳይሻግት ጫልቱ በነጠላ ጠቅልላ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ትቀብርልኝ ነበር። ላስቲክ ያልበዋል፤ ደረቅ እህል ግን እርጥበቱን ይጠጣለታል። በእኛ ቤት ውድ ነገር ሁሉ የሚኖረው እህል ውስጥ ነበር፤ የጋብቻ ወርቋም እዚያው ነበረች። መስከረም ላይ አራት መቶውን አውጥተን እፍ እንልበታለን፣ በጨርቅ እንጠርገዋለን፣ አለቀ። አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

ከአምቦ በሚኒባስ ጊንጪ፣ ጊንጪ ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በልቼ፣ ከዚያ በእግር ጭልሞ ጫካ። ከጫካው ጥግ ገብስ የሚያርስ ኦቦ ደቻሳ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ጉሬዛዎቹ የት እንዳደሩ ከእሱ ነው የምሰማው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝግባው አናት ላይ ስትደርስ ጉሬዛዎቹ ሆዳቸውን ለሙቀት ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ጥቁር ሰውነት፣ ነጭ ካባ፣ ነጭ ጭራ። ያኔ ሰው አይፈሩም ነበር። አራት መቶውን ስደግንባቸው ቁልቁል ያዩኝና ያዛጋሉ፤ ሲያዛጉ ጥርሳቸው ያስፈራል እንጂ መሰላቸታቸው ነው። አንድ ጠዋት ታዲያ አንዷ እናት ደረት ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። «ምንድን ነው የተለጠፈባት?» ብዬ ብጠይቅ ደቻሳ ሳቀብኝ። «ልጇ ነው እንጂ! ወኒ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይጠቁራል» አለኝ። ጉሬዛን በኦሮምኛ ወኒ ነው የሚሏት። ካሜራውን ከጋቢው እስካወጣ እናቲቱ ቅጠል ውስጥ ገባች። ከተማ ተመልሼ ላገኘሁት ሁሉ ባወራ የሚያምነኝ ጠፋ። ጫልቱ እንኳን፣ «ጥቁር ነጭ ወለደ? ፀሐይ መትቶህ ነው አንተ ሰውዬ!» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዕድሜዬ ማንሳት የምፈልገው ፎቶ አንድ ብቻ ሆነ። በየዓመቱ ተመላለስኩ፤ አንዴ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ አንዴ ጠቁሮ ይቆየኛል፣ አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ መንገዱ።

ጋቢ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ጊዜው ረጅም ነገር ይዘው የሚሄዱበት አልነበረም። አምቦ አንድ ሳምንት ሰላም፣ አንድ ሳምንት የጎማ ጭስ ነበረች፤ የነበረ ያውቀዋል። እኔም ሌንሱን ሰው እንዳያይብኝ በጋቢ ጠቅልዬ በትከሻዬ እሸከመው ጀመር። በጋቢ ተጠቅልሎ በትከሻ የሚሄድ ረጅም ነገር በእኛ አገር ምን እንደሚመስል ግን፣ ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ ለካ አላሰብኩትም። አንድ ቀን ኬላ ላይ ከሚኒባሱ አወረዱኝ። አንዱ ወጣት ወታደር ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ «ፍታው!» አለኝ። ፈታሁት። ዙሪያውን አየና፣ «በዚህ ምን ትመታለህ?» አለ። «የምመታው የለም ልጄ፤ ጦጣና ወፍ ከሩቅ ፎቶ አነሳበታለሁ። ማንም አይሞትም» አልኩት። አጮልቆ በሌንሱ ማዶ ያለውን ጋራ ቢያይ የሰው በሬ አፍንጫው ሥር መጣለት፤ ሳቀና ጓደኞቹን ጠራ፣ ተራ በተራ በሬውን አዩት። ተሳፋሪው እኔን እየረገመ ፀሐይ ላይ ቆመ። ደቻሳ ይህን ስነግረው አልሳቀም። «ኩን ቀዌ ፈካታ ኦቦ ታዬ፤ ጠመንጃ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ሳይጠይቅህ የሚተኩስ ይመጣል» አለኝ። ጫልቱም ያን ከሰማች ወዲህ «አጭር ግዛ» ማለቷን አላቋረጠችም። እኔ ግን ከአራት መቶው ጋር ተጋብቼ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የእኔ ግን ያልፈራሁት ነው የደረሰው። ፎቶዎቼ ይደበዝዙ ጀመር። መስታወቱ ሻግቶ መስሎኝ ወለወልኩት፣ ቀለበቱ ላልቶ መስሎኝ አጠበቅኩት። አዲስ አበባ የሄድኩበት ሐኪም ግን የተበላሸው ሌላ ነገር መሆኑን ነገረኝ። ግላኮማ ነው። «ጠብታው ያለውን ያቆይልዎታል እንጂ የሄደውን አይመልስም» አለኝ። ለካ ዓለም ከዳር ከዳር እየተቆረጠብኝ ኖሯል፤ በመኪና ያልተገጨሁት ጫልቱ ክንዴን ይዛ ስለምትሄድ ነው። ከሐኪሙ ወጥተን በቀጥታ ካሜራ ቤት ገባን። የስቱዲዮዬን መብራቶች ሸጬ ነበር፤ ሰው ሁሉ በስልኩ መነሳት ከጀመረ ቆይቷልና መብራቱ የሚያበራው አውሮፕላኑን ብቻ ነበር። ባለሱቁ አዲሱን ሌንስ ከአራት መቶው ጎን አቆመልኝ። ሲታጠፍ ቴርሞስ የሚያህል፣ ሲዘረጋ የሚረዝም ዙም ነው፤ የራሱ ሞተር አለው፣ ፎከሱን ራሱ ያገኛል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ያረጋጋል። አንስቼ መዘንኩትና፣ «ፕላስቲክ ነው» አልኩ። ጫልቱ፣ «አንተስ ብረት ነህ?» አለችኝ። ባለሱቁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሌንስ ሳይሆን ዓይን ልገዛ እንደመጣሁ የገባኝ እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው።

አዲሱን ይዘን ሐሮ ወንጪ ወረድን፤ በፈረስ ቁልቁለቱን፣ ከዚያ በጀልባ ሐይቁን። አንድ ዓሣ በል ንስር ሲያልፍ እኔ ያየሁት ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሌንሱ ግን ዚዝ አለና ያዘው። ማታ ቤት ገብተን በልጃችን ኮምፒውተር አስፍተን ስናየው የንስሩ ዓይን ጠርቷል፣ ከጥፍሩ የሚወርደው ውሃ ሳይቀር ይቆጠራል። በዚህ ሽበቴ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ነጩን ጉሬዛ እንደማነሳው ያን ማታ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከተማው እንደገና ታመሰ። ልጃችን አራስ ሆና እኛ ቤት ነበረች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ ተባለ፤ የሩቅ ማያ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል የሚል ወሬም ከፍተሻው ቀድሞ ደረሰ። ጫልቱ አራት መቶውን ማገዶው መሃል ሰገሰገችው። አዲሱን እንደ ልማዳችን በነጠላ ጠቀለለችና ጤፉ ውስጥ ቀበረችው፤ እኔም ጆንያውን ይዤላት ነበር። በሩ ሲንኳኳ ሕፃኑን ከልጃችን እጅ ነጥቃ ግድግዳው ጥግ ቆመች። ያኔ በቀረችኝ ዓይን ያየኋት አሁንም ትታየኛለች፤ ፊቱን በመዳፏ ሸፍና፣ በሩን እያየች። ሰዎቹ ገቡ፣ አዩ፣ ወጡ፤ ክፉም አልተናገሩን። ጤፉንም ማገዶውንም የነካ የለም። ተመስገን አልን። ሌንሱን ግን «ይረጋጋ፣ ኋላ እናወጣዋለን» ብለን እዚያው ተውነው። ኋላ የሚባለው ነገር በአገራችን ይረዝማል። የጊንጪ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ጫካ እገባለሁ የሚል ሰው እብድ የሚባልበት ጊዜ መጣ። ደቻሳ በስልክ፣ «ጫካው ውስጥ ተኩስ ይሰማል፣ አትምጣ» ይለኛል። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ዓይኔን እጠብቃለሁ። ግራው ጨርሶ ጠፋ። ቀኙ ከመሃሉ የሳንቲም ታህል ቀዳዳ ቀረችው፤ እሷም ጭስ ገባባት። ሰው ንብረቱ ሲቃጠል ቆሞ የሚያይ ከሆነ ቢያንስ ያያል፤ እኔ የሚቃጠልብኝ ማያው ራሱ ነበር። እግዜርን ብዙ ነገር አልለመንኩትም፤ አንድ ጠዋት ነው የለመንኩት።

አንድ ቀን ደቻሳ ደወለ። «ኦቦ ታዬ፣ ወልዳለች! ነጭ ነው። መንገዱም ሰሞኑን ደህና ነው፤ ኮቱ፣ ቶሎ ና!» ጫልቱ ወደ ጤፉ ሮጠች። ነጠላው ውስጥ ውስጡን ተገልጦ ኖሯል። ሌንሱን ስዘረጋው ቅርርር አለ፤ አሸዋ የሚያኝክ ሰው ጥርስ ነበር የሚመስለው። አሮጌው ድፍን ብረት ስለሆነ ጤፍ አይገባውም፤ አዲሱ ግን ሲዘረጋና ሲታጠፍ አየር የሚስብ ነው፣ ከእህል ሁሉ ደቃቁን ጤፍ ደግሞ ከነአቧራው ስቦታል። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ስልክ ጠጋኙ ጋ ይዘን ብንሮጥ አገላብጦ፣ «ፋዘር፣ ይኼን መፍቻ እንኳን እኛ ጋ አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ» አለን። ለአሮጌው መድኃኒት የነበረው ለአዲሱ መርዝ ሆነ። ጫልቱ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አቃተኝ። የጉሬዛዋ ሕፃን በየቀኑ እየጠቆረ ነው፣ የእኔም ዓይን እንደዚያው፤ የቀረኝ ደግሞ ያለ ዓይን የማይሠራው ሌንስ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ እንባዋን ጠርጋ፣ «የእኔ ዓይን አለ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጫልቱ በዚህ ዕድሜዋ መርፌ ያለ መነጽር ታሰካለች። ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ላይ አስተማርኳት። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ላይ አቁመን፣ ፀሐይ እንዳያጠፋባት ጋቢ ደርባ ከካሜራው ጀርባ ያለውን የምስል ማሳያ መስታወት ታያለች፣ ቀለበቱን ታዞራለች። «የዓይኗ ጥቁር ውስጥ የብርሃን ነጥብ እስክታዪ» እላታለሁ። «አየሁ፤ አይ፣ ሄደች። ይቺ ዶሮ መቆም አታውቅም እንዴ?» ትላለች። ማንሻውን የምጫነው እኔ ነኝ፤ ያን ብቻ ለማንም አልሰጥም ብያለሁ። ሲመሽ የዶሮዋ ዓይን ጠራ።

በማግስቱ ጭልሞ ገባን። የጥዱ ሽታ ያው ነው፣ እርጥቡ ቅጠል ከእግር ሥር ያው ነው፤ ድምፁ ግን የለም። ድሮ ጉሬዛዎቹ ጠዋት ሲያጓሩ ጫካው ይናጥ ነበር። «አሁን ዝም ብለው ነው የሚያድሩ» አለኝ ደቻሳ፣ እሱም በሹክሹክታ። አንድ ዝግባ ሥር አስቀመጠን። ጠበቅን። ወደ ላይ ባንጋጥጥ ለእኔ ያለው ግራጫ ብቻ ነው። ድንገት ጫልቱ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ «ታዬ፣ እውነትህን ነው!» አለች፣ «ነጭ ነው! ወተት የመሰለ ነው! ጡት እየጠባ ነው!» ከስንት ዓመት በኋላ አመነችኝ። እኔ ሰማይ ላይ ነበርኩ። «አዙሪ፣ ቀስ ብለሽ። ዓይኑ ላይ፣ የሕፃኑ ዓይን ላይ» አልኳት። ጋቢውን ተከናንባ ገባች። አራት መቶው ወደ ላይ ቀና አለ። ትንፋሿ ይሰማኛል። «መጣ... ትንሽ... ጠራ! ነጥቧን አየኋት! አሁን!» ተጫንኩት። አንዴ ብቻ። ቅርንጫፉ ተንኳኳ፣ ቅጠሉ ዝናብ ሆኖ ወረደብን፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሄዱ።

ጫልቱ ጋቢው ውስጥ ቆየች። «ዓይኑስ?» አልኳት። ጋቢውን ጎተት አደረግኩባት። «ጫልቱ፣ ዓይኑ ጠርቷል?»

«የእናትየው ጠርቷል» አለች። «የሕፃኑ አይታይም። እጇን አድርጋበታለች።»

«እናትየው ምን እያየች ነው?»

«እኛን። ሌንሱን።» ከጋቢው ወጣችና፣ «ያኔ በሩ ሲንኳኳ እኔ የቆምኩት እንደዚህ ነው» አለች።

ደቻሳ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ተኩሱ ከመጣ ወዲህ ረጅም ነገር ቀና ሲል ካዩ ልጆቻቸውን እንደሚሸፍኑ የነገረን ያኔ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ማንም አይሞትም ብዬ ለወታደሩ ነግሬዋለሁ፤ ለእሷ ማን ይነግርልኛል? ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳዋም ተደፈነች። ያቺን የመጨረሻ ጭላንጭል ለምን እንዳዋልኳት አሁን በደንብ አውቃለሁ፤ አንዲት እናት ለማስደንገጥ ነው። ያን ያህል ዓመት የለመንኩት ጠዋት እሱ ነበር።

ፎቶው ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። የሚመጣው ሁሉ ያደንቀዋል። ኦብሴም የዚያን ዕለት ቀና ብላ፣ «ወይኔ ሲያምሩ! እንዴት አድርጋ አቅፋዋለች!» አለች። ጫልቱ ሳል ሳል አላትና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አራት መቶውን ከሻንጣው አውጥቼ ቀለበቱን አዞርኩት፤ እንደ ድሮው ልስልስ ብሎ ይዞራል፣ አንድም ነገር አልሆነም።

«እና ኦቦ ታዬ፣ አልመለሱልኝም። የቱ ይሻላል?»

«አጭሩን ግዢ» አልኳት። «ጤፍ ውስጥ እንዳታስቀምጪው። ጫካ ስትገቢ ደግሞ ቶሎ አትደግኚ፤ ቁጭ በይ፣ ጉሬዛዎቹ እስኪያዛጉልሽ ድረስ ጠብቂ።»

«ያዛጋሉ እንዴ?»

«ድሮ ያዛጉ ነበር» አልኩ። «አሁን እንጃ። ሲያዛጉ ካየሽ መጥተሽ ንገሪኝ።»